ሥጋን መምረጥ፣ በዝግታ ማብሰልና ለጎረቤት ማድረስ

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

 የዛሬው ርዕሳችን የሚነሳው ከወጥ ቤት ነው። አንዲት እህታችን በላከችልን ደብዳቤ ሦስት ነገሮችን ጠይቃለች። የመጀመሪያው፣ ለአረፋ የሚታረደው ሥጋ የቱንም ያህል ቢቀቀል ለምን አልለሰልስ እንደሚል ነው። ሁለተኛው፣ ወንድሟ ከውጭ አገር የላከላትን ስሎው ኩከር የሚባል በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት እንዴት እንደምትጠቀምበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሥጋው በጠነከረ ቁጥር ከባለቤቷ ጋር ስለሚነሳው ጭቅጭቅ ነው።

«ይህ ደግሞ የኢማም ጉዳይ ነው እንዴ?» የሚል ሊኖር ይችላል። አዎን ነው። እስልምና ስለ አስተራረድ፣ ስለ አበላል፣ ስለ ብክነትና ስለ ጎረቤት ሐቅ ያስተምራል። እነዚህ ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ ይገናኛሉ። ከሦስተኛው ጥያቄ እንጀምር።

ምግብን አለመንቀፍ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ካማራቸው ይበሉ ነበር፤ ካላማራቸው ይተውት ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አይወጣቸውም። የዚህ ነቢይ ተከታይ ነኝ የሚል ወንድም በማዕድ ላይ ሚስቱን አንገት ሊያስደፋ አይገባም።

ሌላም ነገር አለ። በብዙ ቤት ሥጋውን ከልኳንዳ ገዝቶ የሚመጣው ባል ነው። የቅልጥም ሥጋ አስመዝኖ ይመጣና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥብስ ሆኖ እንዲቀርብለት ይጠብቃል። ይህ በማንኛዋም ባለሙያ እጅ አይሆንም። ስለዚህ ወንድሞች፣ የሚቀጥለው ማብራሪያ ለእናንተም ጭምር ነው።

ሥጋ ለምን ይጠነክራል?

ከብቱ በሕይወት ሳለ ብዙ የሚሠራበት የሰውነት ክፍል ሥጋው ጠንካራ ይሆናል። ሲቆም የሚሸከመው፣ ሲሄድ የሚራመድበት፣ ሣር ለመጋጥ ሲጎነበስ የሚጠቀምበት ማለት ነው። ወርች፣ ቅልጥም፣ አንገትና ፍርምባ እንዲህ ናቸው። በጀርባው በኩል ያሉት ጭቅናና ሽንጥ ግን ብዙ ስለማይለፉ ለስላሳ ናቸው፤ ፈጣን እሳት ይበቃቸዋል።

በጠንካራው ሥጋ ውስጥ የሥጋውን ክሮች አስሮ የያዘ ኮላጅን የሚባል ነገር በብዛት ይገኛል። ይህ ነገር በእሳት ላይ ሁለት ጠባይ ያሳያል። ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ በኋላ ይኮማተርና ከሥጋው ውስጥ ውኃውን ይጨምቀዋል። ሥጋው ይጠነክራል፣ ይደርቃል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ድስቱን የሚያወርደው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ በላይ ሆኖ ለሰዓታት ከቆየ ያው ኮላጅን ቀስ በቀስ ይቀልጣል። ማረጋገጫውን ሁላችንም አይተነዋል፤ የቅልጥም መረቅ ሲያድር እንደ ጄሊ ይረጋል። የረጋው የቀለጠው ኮላጅን ነው። እንግዲህ በአንድ ሰዓት ያልበሰለው ቅልጥም የተበላሸ ሥጋ አይደለም፤ ጊዜው ገና ያልደረሰ ሥጋ ነው።

ጠንካራ ሥጋ ማለት መጥፎ ሥጋ ማለትም አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የበግን የፊት እግር ሥጋ ይወዱ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በእኛ አጠራር ወርች ነው። በዝግታ ሲበስል የዚህን ያህል ጣዕም ያለው የሥጋ ክፍል ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ከፍታ አንድ ነገር እናንሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ላይ በ96 ገደማ፣ ጅዳ ላይ በ100 ይፈላል። ጅዳ ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች እህት «እዚያ በሁለት ሰዓት የሚደርሰው ሥጋ እዚህ ለምን ይዘገያል?» ብትል ምክንያቱ ይህ ነው። ውኃው አንዴ ከፈላ ደግሞ እሳት መጨመር ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም። ውኃውን አትንኖ ያስጨርሳል፣ ሥጋውን ያንገላታል፣ ከሰሉን ያባክናል። አልፎ አልፎ ብቻ ቡልቅ የሚል ቀስ ያለ እሳት ይበቃል።

ከቢላዋው ይጀምራል

የሥጋው ልስላሴ የሚጀምረው ከዕርዱ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስናርድ አሳምረን እንድናርድ፣ ቢላዋችንን እንድንስልና እንስሳውን እንድናሳርፍ ማዘዛቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ይህ ትእዛዝ ለእንስሳው እዝነት ነው፤ ለበላተኛውም ጥቅም አለው። ከዕርድ በፊት ሲባረር፣ ሲደበደብና ሲሸበር የቆየ እንስሳ በጡንቻው ውስጥ ያለውን የኃይል ስንቅ ይጨርሳል። ሥጋውም ጠቆር ያለና ደረቅ ይሆናል፤ ቶሎም ይበላሻል።

ከታረደ በኋላ ሥጋው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይገተራል። በቀዝቃዛ ቦታ ሲያድር ደግሞ መልሶ ይላላል። የአረፋ ዕለት ከሰዓት በኋላ የተቀቀለ ሥጋ ጠንካራ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ቤተሰብ በዕለቱ ጉበቱንና የሆድ ዕቃውን አስቀድሞ ይብላ፤ ሌላውን በማቀዝቀዣ አሳድሮ በማግስቱ ያብስል። ማቀዝቀዣ የሌለው ግን ሥጋውን ከቤት ሙቀት ላይ እንዳያሳድር። ወይ በዕለቱ ጊዜ ሰጥቶ ያብስለው፣ ወይ ቋንጣ ያድርገው።

ሥጋ ቤት ስንሄድ

ለሥጋ ሻጩ አስቀድመን ምን ልንሠራ እንዳሰብን እንንገረው። ለጥብስ ከሆነ ሽንጥ፣ ጭቅና ወይም የታፋ ለስላሳው ክፍል ይስጠን። ለቅቅል፣ ለሾርባና ለረጅም ወጥ ከሆነ ወርች፣ ቅልጥም፣ አንገት፣ ፍርምባ ወይም ጎድን ከነአጥንቱ እንጠይቅ። አጥንቱና ጅማቱ መረቁን ያወፍሩታል፤ አይጣሉም። ለወጥ ብለን ውዱን ጭቅና ገዝተን ለሦስት ሰዓት ብናበስለው ግን ይደርቃል፣ ይበታተናል፤ ገንዘባችንም ሜዳ ላይ ይቀራል።

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል፣ በጅግጅጋና በአካባቢዋ የሚወደደው የግመል ሥጋም ሕጉ ይኸው ነው። የወጣቱ ቶሎ ይበስላል፤ ያረጀው ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። በአሜሪካ ከሐላል ሥጋ ቤት የምትገዙ ወገኖቻችን ሻንክ የሚለው ቅልጥም፣ ብሪስኬት የሚለው ፍርምባ፣ ቻክ የሚለው የአንገትና የትከሻ አካባቢ ሥጋ መሆኑን ያዙ። ሦስቱም ለዝግታ እሳት የተሠሩ ናቸው።

በዝግታ የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት

ይህ ዕቃ በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1940 እ.ኤ.አ ሲሆን በየቤቱ የተስፋፋው ከ1971 እ.ኤ.አ ወዲህ ነው። ሐሳቡ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። እናቶቻችን ሥጋውን በሸክላ ድስት አድርገው፣ ፍሙን በአመድ ሸፈን አድርገው ለሰዓታት የሚተዉት በዚሁ መንገድ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በረመዳን የሚዘጋጀው ሐሪስ፣ ስንዴና ሥጋ አንድ ላይ እስኪዋሃዱ ድረስ ለሰዓታት የሚበስል ምግብ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ በዩኔስኮ የባህል ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እዚያ የሠሩ እህቶቻችን በደንብ ያውቁታል።

የኤሌክትሪኩ ድስት አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዋት ብቻ ይጠቀማል። 250 ዋት የሆነው ስምንት ሰዓት ቢሠራ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። አጠቃቀሙን በተመለከተ እህታችንና ሌሎችም እነዚህን ነጥቦች ይያዙ።

አንደኛ፣ ድስቱ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ግርጌው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 110 ወይም 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በአገራችን 220 ቮልት መስመር ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ አደጋም ያመጣል። ለዋቱ የሚመጥን የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ችግር የለበትም።

ሁለተኛ፣ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ሙሉት። ድንችና ካሮት ከሥጋ ይልቅ ስለሚዘገዩ ከሥር ይሁኑ። እንፋሎቱ ስለማይወጣ ውኃው ከተለመደው ያነሰ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ክዳኑን በየጊዜው አትክፈቱ። አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር የጠፋውን ሙቀት ለመመለስ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

አራተኛ፣ በረዶ የሆነ ሥጋ አትጨምሩ። በማቀዝቀዣው ውስጥ አሳድራችሁ አቅልጡት። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ተሐዋስያን በፍጥነት ይራባሉ፤ በረዶው ሥጋ ደግሞ እዚያ መካከል ብዙ ይቆያል።

አምስተኛ፣ ደረቅ ቀይ ቦሎቄ ልትጨምሩ ብትሹ አዘፍዝፋችሁ፣ ውኃውን ደፍታችሁ፣ በሌላ ድስት በአዲስ ውኃ ለግማሽ ሰዓት በኃይል አፍሉት። እንዲሁ በዝግተኛው ድስት ከገባ በውስጡ ያለው መርዝ ስለማይጠፋ ሆድን ክፉኛ ያውካል።

ስድስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ እቤት ካላችሁ ወዲያውኑ ወደ ሌላ ድስት ገልብጣችሁ በከሰል ወይም በጋዝ ጨርሱት። እቤት ሳትኖሩ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ እንደነበር ካወቃችሁና ምግቡ ያልበሰለ ከሆነ አትብሉት፤ ለልጆችም አትስጡ። ብክነትን እንጠላለን፤ ነፍስን መጠበቅ ግን ይቀድማል።

ሰባተኛ፣ የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጥልቀት በሌለው ሳህን አድርጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡ። በማግስቱ ስታሞቁ በተራ ድስት እስኪፈላ አሙቁ፤ በዝግተኛው ድስት አታሙቁ።

ይህ ዕቃ የሌላችሁ አትዘኑ። የሸክላ ድስትና ቀስ ያለ ከሰል ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ፕሬዠር ድስት ደግሞ በውስጡ ያለው ግፊት የመፍያውን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርገው የአራት ሰዓቱን በአንድ ሰዓት አካባቢ ያደርሰዋል። ነገር ግን አደራ፣ የተያያዘ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አታሳድሩ። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በእንቅልፍ ላይ ያለ ቤተሰብን ይገድላል።

አንድ ምሳሌ፦ የበግ ወርች ቅቅል

አንድ ኪሎ ተኩል የበግ ወርች ከነአጥንቱ ተቆርጦ ይታጠብ። አራት ድንችና ሦስት ካሮት ከድስቱ ሥር ይደርደሩ። በላያቸው ሥጋው፣ በደቃቁ የተከተፈ ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬና ጨው ይግባ። ሦስት ብርጭቆ ውኃ ተጨምሮ ክዳኑ ይገጠም። «ሎው» በሚለው ላይ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይ። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍተኛ ቦታ አንድ ሰዓት ያህል መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ሥጋው በማንኪያ ሲነካ ከአጥንቱ ከለቀቀ ደርሷል። ቃሪያና ኮረሪማ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ይጨመሩ። ቀይ ወጥ ለመሥራት ከተፈለገ ግን ሽንኩርቱና በርበሬው አስቀድሞ በሌላ ድስት መቁላላት አለባቸው፤ በዝግተኛው ድስት ውስጥ አይቁላሉም።

በረመዳን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተጣደ ድስት ለመግሪብ ይደርሳል። እናት በፆም አፏ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እሳት ዳር አትውልም፤ ቁርኣኗን ትቀራለች፣ ትንሽም ታርፋለች። ጨው ለማወቅ ፆመኛ ሆና በምላሷ ቀምሳ ሳትውጥ ብትተፋው ችግር እንደሌለው ዑለማዎች ተናግረዋል፤ ከኢብኑ ዓባስም (ረ.ዐ) ይህን የሚደግፍ ቃል ተዘግቧል።

መረቁ ላይ እንጀራ ወይም ዳቦ ቢፈተፈት ሱናውን የሚያስታውስ ምግብ ይሆናል። ዐረቦች ዳቦ በሥጋ መረቅ ሲፈተፈት ሰሪድ ይሉታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ብልጫ ሲገልጹ ሰሪድ በሌሎች ምግቦች ላይ ባለው ብልጫ መስለውታል።

ስለ ሐላልነቱ

ብዙዎች ከሥጋው የሚወጣውን ቀይ ፈሳሽ እያዩ «ደም አይደለም ወይ?» ይላሉ። በሱረቱል አንዓም 145ኛው አንቀጽ የተከለከለው በዕርድ ጊዜ የሚፈሰው ደም ነው። ከትክክለኛ ዕርድ በኋላ በሥጋውና በሥሮቹ ውስጥ የቀረው ይቅር የተባለ መሆኑን ዑለማዎች አስረድተዋል። ቀዩ ፈሳሽም በአብዛኛው የጡንቻው ማቅለሚያና ውኃ ነው።

ከውጭ በመጡ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ምግብ ወይን ጠጅ ጨምሩ የሚል ይገኛል። «በእሳት ይተናል» መባሉ አያታልለን። በሰዓታት ማብሰል እንኳ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ኸምርን ምግብ ውስጥ መጨመሩም አይፈቀድም። ጎምዛዛ ጣዕም ከተፈለገ ሎሚ ወይም ቲማቲም ይበቃል። የሾርባ ኩብና ጄላቲን ስትገዙም የተሠሩበትን አንብቡ።

ጠንካራው ሥጋ ለማን?

ውድ አድማጮች፣ አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። በአረፋ አላህ (ሱ.ወ) ከኡድሒያችን እንድንበላና ለችግረኛ እንድናበላ በሱረቱል ሐጅ 28ኛውና 36ኛው አንቀጽ አዞናል። በብዙ ቤት ክፍፍሉ ሲደረግ ታፋውና ሽንጡ ወደ ማቀዝቀዣ፣ አንገቱ፣ ቅልጥሙና አጥንቱ ወደ ሚስኪን ፌስታል ይገባል።

ከላይ ያልነውን አስታውሱ። ቅልጥም የሚፈልገው አራት ሰዓት እሳት ነው። አራት ሰዓት እሳት ማለት ደግሞ ከሰል ነው፣ ከሰል ደግሞ ገንዘብ ነው። በትንሽ ፌስታል ከሰል ገዝታ ቡናዋንም ራቷንም የምታደርስ እናት ያን ቅልጥም በምን ታበስለዋለች? አንድ ሰዓት ጥዳው ከሰሉ ያልቃል። ልጆቿ ያላምጡታል እንጂ አይበሉትም። እኛ ሰጠን ብለናል፤ እሷ ግን አልበላችም። በሱረቱል በቀራ 267ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) እኛ ብንሆን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ በቀር የማንቀበለውን ነገር ለሰደቃ እንዳንመርጥ አስጠንቅቆናል። ቅልጥም በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ማብሰያ ለሌለው ሰው ጥሬውን መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ማገዶና ጊዜ ያለን እኛ ጠንካራውን እናስቀር፤ ቶሎ የሚደርሰውን ታፋና ሽንጥ ለእነሱ እንስጥ። ይህ ከከበደን ደግሞ ጠንካራውን እኛው አብስለን ከነመረቁ እንላክላቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠራ ውኃውን አብዝቶ ጎረቤቶቹን እንዲያስብ መክረውታል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። የተላከው ጥሬ ሥጋ እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ የበሰለ መረቅ ነው። ቅልጥምና አንገት ደግሞ ውኃ ቢበዛባቸው የማይሸነፍ መረቅ የሚወጣቸው ናቸው።

ተቀባይም አደብ አለው። ሙስሊም ሴቶች የጎረቤትን ስጦታ የበግ ሰኮና እንኳ ቢሆን እንዳይንቁ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መክረዋል። ሰጪ የተሻለውን ይምረጥ፤ ተቀባይ ጥቂቱን አያሳንስ። ሁለቱ ሲገናኙ ጉርብትናው ይጣፍጣል።

በቲርሚዚ እንደተዘገበው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰቦች በግ አርደው ካከፋፈሉ በኋላ ምን እንደተረፈ ቢጠይቁ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ትከሻዋ ብቻ ቀረ አለች። እሳቸውም ከትከሻዋ በቀር ሁሉም እንደቀረ ነገሯት። የሰጠነው አላህ ዘንድ ተቀምጧል፤ እቤት ያስቀረነው ተበልቶ ያልቃል። ለመጪው አረፋ ሥጋው ሲከፋፈል፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ቢላዋውን ከማንሳታችን በፊት የተቀባዩን ምድጃ እናስብ።

አላህ (ሱ.ወ) ሲሳያችንን ሐላል ያድርግልን፣ ማዕዳችንን ይባርክልን፣ ጎረቤቶቻችንን ከሚያስታውሱ ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።